ገና ጠዋት ነው

በ2016 ክረምት፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ የሰፈራችን ባጃጅ ሹፌር አውራ ጣቱ አበጠ። መሪ ሲጨብጥ እንዳይመስላችሁ። ሃምስተር የሚባል፣ አይጥ መሳይ እንስሳ ያለበት የስልክ ጨዋታ ሲነካ ነው፤ በነካህ ቁጥር ሳንቲም ይቆጥርልሃል። ስልኩን ከመስታወቱ ሥር በጎማ አስሮታል። ተሳፋሪ እስኪሞላ ይነካል። ከፔዳ ተነስቶ ጊዮርጊስ እስኪደርስም፣ እግዜር ይጠብቀንና፣ ይነካል።

«ጣትህ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ገና ጠዋት ነው። አሁን ያልገባ በኋላ ይቆጨዋል» አለኝና ሊንኩን ላከልኝ።

የአገሬን ሰው የማደንቀው ለዚህ ነው። የትኛውም ነገር ላይ ሲደርስ ጠዋት ነው። ሌላው ሕዝብ ዘግይቶ ሲደርስ ያፍራል፣ በጓሮ ይገባል። የኛ ሰው ግን ድግሱ ተበልቶ፣ ድንኳኑ እየተፈታ ይደርስና፣ ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ «ቀድመን መጣን መሰለኝ» ይላል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሊመሰገን ይገባል።

ለምስጋናው እንዲመቸን፣ እየተጫወቱ ዲጂታል ገንዘብ የመልቀምን የጠዋቱን ታሪክ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው።

ጨዋታንና ብሎክቼንን፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች አብረው የሚይዙትን የዲጂታል ገንዘብ መዝገብ፣ ቀድመው ካጋቡት አንዱ ሀንተርኮይን ነው፤ በ2014 ወጣ። ካርታ ላይ አንዲት ትንሽ ሰውዬ ታስኬዳለህ፣ የተበተነ ሳንቲም ትለቅማለህ። እያንዳንዱ እርምጃ ብሎክቼኑ ላይ ስለሚጻፍ፣ አንዱ እርምጃ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አያትን ይዞ ቤተ ክርስቲያን እንደመሳለም በሉት። ብዙም ሳይቆይ ሳንቲሙን ቦት የሚባሉ ፕሮግራሞች ይለቅሙት ጀመር። ቦት አይተኛም፣ ቡና አይጠጣም፣ ለቅሶም አይደርስም። እንግዲህ ጠዋት ማለት ይቺ ነበረች።

በ2015 ደግሞ ኤቨርድሪምሶፍት የሚባል የስዊዘርላንድ ኩባንያ ስፔልስ ኦፍ ጀነሲስ ለተባለ የካርድ ጨዋታው ቶከን፣ ማለትም ብሎክቼን ላይ የተመዘገበ የጨዋታ ገንዘብ፣ ሸጠ። ጨዋታው ገና አላለቀም። ቶከኑ ግን ተሸጧል። ጉድጓዱ ሳይቆፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ለሚሸጡት የከተማችን ደላሎች ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ዓለም አቀፍ ባልደረቦች አሏቸው።

ጉዱ የመጣው በኖቬምበር 2017 ነው። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ያለ አክሲዮም ዜን የተባለ ኩባንያ ክሪፕቶኪቲስ የሚሉ ድመቶችን አወጣ። ድመት ትገዛለህ፣ ከሌላ ድመት ጋር ታዳቅላለህ፣ ግልገሏን ትሸጣለህ። ያው ሥዕል ናት፤ ወተት አትጠጣም፣ አይጥም አትይዝም። በሳምንት ውስጥ አንዷ ከ100,000 ዶላር በላይ አወጣች። ድመቶቹ የሚመዘገቡበትን ኢቴሪየም የተባለ የብሎክቼን መረብ እምቦጭ ጣናን እንደወረረው ወረሩት። ቁምነገር ያለው ሰው ገንዘቡን ለመላክ ድመት እስክትዳቀል ወረፋ ጠበቀ። ከዚያ ገዢው ቀዘቀዘ፣ ግልገሎቹ ግን ይወለዳሉ። የቀረውን ድመት ያላት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ድመቶቹ የወጡት በ2017 ነው። ባጃጅ ሹፌራችን ሃምስተር ሲነካ የኛ አቆጣጠር ገና 2016 ነበር። በየትኛው ሒሳብ ነው ዘገየ የምትሉት? ልጁ ከድመቶቹ አንድ ዓመት ቀድሟል!

ቀጥሎ የቬትናሞቹ አክሲ ኢንፊኒቲ መጣ። በ2018 ተጀምሮ በ2021 አበደ። ለመጫወት ሦስት አክሲ የሚባሉ ፍጥረቶች መግዛት አለብህ፤ ዋጋቸው ያኔ ከወር ደሞዝ በላይ ነበር። አቅም የሌለው ከባለ አክሲ ተውሶ ይጫወትና የለቀመውን ቶከን ይካፈላል። ባለቤቱ «ማናጀር» ተባለ፣ ተጫዋቹ «ስኮላር»። ፊሊፒንስ ውስጥ በኮቪድ ሥራ ያጣ ሰው በብዛት ስኮላር ሆነ። የጎጃም ገበሬ ይህንኑ ነገር የእኩል ማረስ ይለዋል። ስኮላር ግን ይበልጥ ያምራል፤ ለእናት ሲነገርም እልል ያስብላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቆየው ተጫዋች አክሲ ያረባል፣ አዲስ ገቢው ይገዛዋል። አዲስ ገቢ እስካለ ሁሉም ያተርፋል። «እቁብ ነዋ» ያለኝ ነበር። ኧረ በእቁብ አትምጡብኝ! በእቁብ የመጨረሻው ባለ ዕጣም ብሩን ይወስዳል። በ2021 አጋማሽ ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም ያለፈው የጨዋታው ቶከን በ2022 መጨረሻ አንድ ሳንቲም እንኳ አልሞላም።

በዚሁ ዓመት በማርች ደግሞ ሌባ ገባ። የጨዋታውን ገንዘብ የሚያሻግረው ድልድይ ዘጠኝ ቁልፍ ነበረው፤ አምስቱ ከተገኙ ይከፈታል። አምስቱ ተገኙ። ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በኋላ የሰሜን ኮሪያ ሰርሳሪዎች ናቸው አለ። እኔን የገረመኝ ስርቆቱ አይደለም። ስድስት ቀን ማንም ሳያውቅ መቆየቱ ነው። የታወቀውም አንድ ሰው 5,000 ኢተር፣ የኢቴሪየምን ገንዘብ፣ ላውጣ ብሎ እምቢ ሲለው ነው። የእድራችን ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው። 20 ብር ብትጎድል እትዬ ገንዘብ ያዥ ስድስት ቀን አይደለም፣ ስድስት ደቂቃ አያስቀምጡንም። ዳሩ እሳቸው ቴክኖሎጂ አይገባቸውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው በማርች 2024 ሃምስተር ኮምባት በቴሌግራም የመጣው፣ እኛም «ጠዋት ነው» ብለን የተነሳነው። ባሕር ዳር እንዲያ ስትተጋ አይቼ አላውቅም። ዋይፋይ ያለበት ካፌ ሁሉ ያጎነበሰ አንገት ሆነ። ጨዋታው በየቀኑ በሞርስ ኮድ የሚገባ ምስጢር ቃል ነበረው፤ አጭር ነካ፣ ረጅም ጫን። ፊደል ቁጠር ሲባል ያለቀሰ ልጅ በሁለት ቀን የመርከበኛ ኮድ ሸመደደ። ጀልባ ተራው ላይ ዘጌ የሚሄድ እንግዳ መጥቶ ቢጠይቅ፣ «ቆይ ኢነርጂዬ እስኪያልቅ» የሚባልበት ጊዜ ነበር። ቡና የምታፈላው ጎረቤታችን አቦሉን ለሁሉም ትቀዳለች። ቶናው ግን ሊንኳን ለነካ ብቻ ነው። ሁለት ቀን በአቦል ብቻ ወደ ቤቴ ገባሁ። በሦስተኛው ነካሁ።

300 ሚሊዮን ተጫዋች አለን አሉ፤ ቶከን ይደርሳቸዋል የተባሉት 131 ሚሊዮን ናቸው። ቶከኑ የታደለው ሴፕቴምበር 26 ነው። በኛ መስከረም 16፣ 2017፤ የደመራ ዕለት። ድመቶቹ በፈረንጅ 2017፣ አይጡ በኛ 2017። ወትሮ አይጥ ከፊት፣ ድመት ከኋላ ነበር። እኛ ቀድመን ስለምንደርስ ተገለበጠ።

ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ባጃጅ ሹፌሩን አገኘሁት። ጣቱ ተሽሎታል። ስንት ደረሰህ አልኩት። የክረምቱ ድካም ተመንዝሮ አንድ የተጠበሰ ቀረሶ ከነአዋዜው ይገዛል፤ ለስላሳው ከኪስ ነው። ያዘነ አልመሰለኝም። ችቦውን እያየ ዝም አለ። እኔም ጠዋቱ አለፈ ማለት ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ። አዲስ ሊንክ ነው። ይሄኛው ውሻ አለው። «ጋሼ፣ ገና ጠዋት ነው» ይላል።

ሰዓቴን አየሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ነበር።