እርማት፦ ሊኑክስ ሁሉ ለአሮጌ ኮምፒውተር ቀላል አይደለም

ወንድሜ፣ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሥርዓት ነው፤ ኡቡንቱም ከስርጭቶቹ፣ ማለትም ለመጫን ተዘጋጅተው ከሚቀርቡት ዓይነቶቹ፣ አንዱ ነው። 1 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ የሥራ ማህደረ ትውስታ) ብቻ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው ከኮምቦልቻ ለጠየቁት መምህርት እርስዎ «ሊኑክስ ሁሉ ቀላል ነው፤ ማሽኑን አያጨናንቅም፤ ኡቡንቱ ይጫኑበት» ሲሉ የሰጡት ምክር በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ራሙን በይበልጥ የሚወስደው የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ሳይሆን በላዩ የሚሠራው የዴስክቶፕ ገጽታ (መስኮቶቹንና ምናሌዎቹን የሚያሳየው ክፍል) እና ብራውዘሩ ሲሆን፣ ኖም የተባለውን ገጽታ ይዞ የሚመጣው መደበኛው ኡቡንቱ በደንብ እንዲሠራ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይፈልጋል። ስለዚህ መምህርቷ አንቲኤክስ የተባለውን ስርጭት፣ ወይም ዴቢያን የተባለውን ኤልኤክስዲኢ ከሚባለው ቀለል ያለ ገጽታ ጋር ቢመርጡ ይሻላቸዋል። ፕሮሰሰሩ የቆየው የ32 ቢት ዓይነት ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መደበኛው ኡቡንቱ ከ17.10 እትሙ፣ ዴቢያንም ከ13ኛው ጀምሮ ለዚህ ዓይነት ማሽን መጫኛ አያወጡም፤ አንቲኤክስ 23 ግን አለው። ብራውዘሩ ላይ ብዙ ገጽ ከተከፈተ የትኛውም ስርጭት መንቀራፈፉ አይቀርምና፣ ላፕቶፑ ተጨማሪ ራም የሚቀበል ከሆነ በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ ራሙን ማሳደግ ይገባል።