ከሞተሩ በፊት ፍሬኑን

ስለ አሮጌ ላንድሮቨር እድሳት የጻፍከውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን አሮጌ ላንድሮቨር ስታድሱ መጀመሪያ ሞተሩን ቀይሩ የሚለው ላይ አልስማማም።

ሐዋሳ ነው የምኖረው። የአባቴ ላንድሮቨር ሲሪስ 3 (እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ማለት ነው) ግቢያችን ውስጥ ለዓመታት ቆሞ ነበር። ቦዲው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም ብዬ ተዘናጋሁ። ሻንሲው (ቦዲው የሚያርፍበት አጽም) ግን ብረት ነው! የብየዳ ሠራተኛው ከሥር ገብቶ በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ ሲያደርገው፣ የኋላው ባሌስትራ (ክብደት የሚሸከመው ስፕሪንግ) የሚታሰርበት ቦታ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ከላይ ደግሞ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ከዚያ ወዲህ ስቱኮ (ከቀለም በታች ጉዳት የሚደፈንበትን ልጥፍ) አላምንም።

የሞተሩ ነገርም ይገባኛል። 2.25 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር አዲስ ሆኖ እንኳ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም ከዚያ ይወርዳል። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር መግጠም ያጓጓል። ግን ወንድሜ፣ አራቱም እግር በታምቡር ፍሬን (በድሮው የከበሮ ዓይነት) ነው የሚያዘው። ጉልበት ጨምረህ፣ ፍሬኑን እንዳለ ትተህ ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ልትወርድ? እኔ የለሁበትም። ካምቢዮውና የኋላ አክስሉም ለዚያ ጉልበት አልተሠሩም።

እኔ ሻንሲውን አስበይጄ፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን ከነሰርቮው (የእግርን ግፊት ከሚያግዘው) አስገጠምኩ። ሞተሩ ያው የድሮው ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ብቻ ለከፍታው አስተካከልን። አባቴ ነድቶት ሲመለስ ምን እንደሚል ጓጉቼ ጠበቅኩት።

«ክላክሱ አሁንም አይሠራም» አለኝ።