ነፋሱም በነጻ ነው

ዓለምን ዞሮ "ምንም አላወጣሁም" የሚል መንገደኛ ሳይ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። እንዲህ ላለው ሰው ሐውልት ያንሰዋል፤ ደግሞም በራሱ ወጪ እስካልሆነ ድረስ ደስ ይለዋል። እኔ ወደዚህ የተባረከ ማኅበር የገባሁት በጋብቻ ነው። ባለቤቴ ሻንጣውን ጀርባው ላይ አዝሎ የሄደበትን አገር ሁሉ የሚያስታውሰው ሳይከፍል ባመለጠው ሒሳብ ነው።

ኒው ዚላንድ፣ ዌሊንግተን የገባን ዕለት ላውራችሁ። አየር ማረፊያው ከመሀል ከተማ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። "እግር እያለ?" አለ ባለቤቴ። እግርስ አለ፤ ጀርባችን ላይ ግን ለየራሳችን 15 ኪሎ፣ ከላያችን ደግሞ የዌሊንግተን ነፋስ አለ። ይህች ከተማ የተቀመጠችው በደቡብ ኬክሮስ 41 ዲግሪ ላይ፣ መርከበኞች ከጥንት ጀምሮ ሲፈሩት በኖሩት የምዕራብ ነፋስ መንገድ ነው። የአገሪቱን ሁለት ትላልቅ ደሴቶች የሚለየው የኩክ የባሕር ሰርጥ ጠባቡ ቦታ ላይ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከግራም ከቀኝም ተራራ የመለሰው ነፋስ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይሾልካል። አትክልት የሚያጠጣ ሰው የጎማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ሲያፍነው ውኃው እንደሚወረወረው ማለት ነው።

በዚህ ላይ የጀርባ ሻንጣ እንደ መርከብ ሸራ ነው። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ሳንወድ ያስሮጠናል፤ ከጎን ሲመጣ አስፋልት መሀል ያወጣናል። መንገድ ዳር 26 ሜትር የሚረዝም መርፌ መሳይ ቅርጽ ተተክሏል፤ የነፋስ ማስታወሻ ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ ጎንበስ ይላል። እኛም አጸፋውን ጎንበስ ብለን አለፍን። "አየሽ፣ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ይሄን በቅጡ አያየውም" አለኝ። እውነቱን ነው። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ብዙ ነገር ይቀርበታል፤ የወገብ ሕመም አንዱ ነው።

የአገሬው ሰው ሲዘንብ ጃንጥላ መያዝ ብዙም አይወድም፤ ቆብ ያለው የዝናብ ልብስ ለብሶ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። የእኔ ሰው የዝናብ ልብሱን ዋጋ አየና ከሱቁ ሁሉ የረከሰውን ጃንጥላ አንስቶ ወጣ። ኩባ ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተሠራው የባልዲ ፏፏቴ አጠገብ ጃንጥላው ወደ ላይ ተገለበጠ። የፏፏቴው ባልዲዎች እየሞሉ አንዱ ሌላው ላይ ይደፋሉ፤ ነፋስ ካለ ደግሞ አላፊ አግዳሚው ላይ ይደፋሉ። ሻወሩም በነጻ ሆነልን። በአራት ቀን አራት ጃንጥላ ገዛን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያለ ሰው የቆጣቢን ሒሳብ አያውቅም፦ "እያንዳንዱ እኮ ርካሽ ነው!"

ሆስቴሉ ለባልና ሚስት የሚሆን ክፍል ነበረው። ነበረው ነው ያልኩት። እኛ ያደርነው ስምንት ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ደህና እደር ለማለት ፍራሹን ከሥር በእግሬ ገፋ አደርጋለሁ፤ እሱ ተገላብጦ አልጋውን ሲያንገጫግጨው ደህና እደሪ ማለቱ ነው። ከዚህ በላይ የጫጉላ ጉዞ ወዴት ይገኛል?

ወጥ ቤቱ ውስጥ "ነጻ ምግብ" የሚል የተለጠፈበት መደርደሪያ አለ፤ ከተማውን ለቀው የሚሄዱ እንግዶች የተረፋቸውን እዚያ ይተዋሉ። ባለቤቴ እንደ ኪዳን አድራሽ ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚሳለመው። አንድ ቀን በፀጉር ማስያዣ የታሰረ ግማሽ ፓስታ፣ ከጠርሙሱ ቂጥ ላይ የቀረ አኩሪ አተር ሶስና በወረቀት የተጠቀለለ ቡናማ ዱቄት ይዞ መጣ። "ከሙን ነው" አለ። አሸተትኩት፤ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር (ከፏፏቴው ጀምሮ) አልተቃወምኩም። ፓስታው ላይ በደንብ ነሰነሰው። ቀረፋ ነበር። ሁለታችንም ሳህናችንን ጨረስን፤ በነጻ የመጣ ነገር አይደፋማ።

ብሔራዊ ሙዚየሙ ቴ ፓፓ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሕሩ ዳር የተከፈተ ነው። ለብዙ ዓመት ማንንም አያስከፍልም ነበር፤ ከ2024 ጀምሮ ግን የውጭ አገር ጎብኚ 35 የኒው ዚላንድ ዶላር ይከፍላል። ባለቤቴ ይህን በር ላይ ሲያነብ ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን ዘመድ ሲሞትበት እንኳ አልታየበትም። ውስጥ 495 ኪሎ የሚመዝን ስኩዊድ የሚባል ግዙፍ የባሕር እንስሳ እንዳለ ነገርኩት። ስልኩን አወጣ፣ ነጻ ዋይፋይ ፈለገ፣ የስኩዊዱን ፎቶ በጣቱ አሰፋልኝ። "ይኸው፣ ዓይኑ ሳይቀር!" 70 ዶላር አተረፍን።

እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ሰውን ወደ ኬልበርን ኮረብታ የሚያወጣውን የኬብል መኪና በሩቁ ተሰናብተን ማውንት ቪክቶሪያን በእግር ወጣን። ቁመቱ 196 ሜትር ነው፤ ከሥሩ ሆነው ሲያዩት ምንም አይመስልም። ጫፉ ላይ ወደቡ ከነመርከቦቹ እግራችን ሥር ተዘረጋ። ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ጮኸ፤ ነፋሱ አፉ ላይ ነጠቀው። ጆሮዬን አስጠጋሁ። "በነጻ!" ነበር የሚለው።

እዚያው የብረቱን አጥር ሙጥኝ ካሉ ሌሎች ባልና ሚስት ጋር ተዋወቅን። የዚህ ማኅበር ሰላምታ አንድ ነው፦ ለአዳር ስንት ትከፍላላችሁ? ባለቤቴ ኮራ ብሎ የሆስቴሉን ዋጋ ነገራቸው። ሰውየው በትሕትና ፈገግ አለ፤ እነሱ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚያድሩት መኪናቸው ውስጥ ነው።

ስንወርድ ባለቤቴ ቃል አልተነፈሰም። ሌሊት መስኮቱ በነፋሱ ሲንቀጠቀጥ ነቅቼ እንደተኛሁ ከላይኛው አልጋ በሹክሹክታ ጠራኝ።

"ሰማሽ? ያገለገለ ድንኳን አግኝቻለሁ።"