ተሳፋሪው ከቀረ በኋላ የተሠሩት መርከቦች

ስለ ድሮዎቹ ግዙፍ የመንገደኛ መርከቦች ወሬ ሲነሳ ሁሉም ታይታኒክን ይጠቅሳል። እኔን የሚገርመኝ ግን በ1930ዎቹ ፈረንሳይና እንግሊዝ የተጋቡት እልህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፈረንሳይዋ ኖርማንዲ በ1935 በመጀመሪያ ጉዞዋ አትላንቲክን በአራት ቀን ከሦስት ሰዓት አቋረጠች። «ሰማያዊ ሪባን» የሚባለውን የፍጥነት ክብርም ከጣሊያኗ ሬክስ ነጠቀች። ሬክስ የሙሶሊኒ መኩሪያ ነበረች፤ ሰውዬው ከአራት ወር በኋላ ጦሩን ወደ እኛ አዘመተ። በ1936 የእንግሊዟ ኩዊን ሜሪ ክብሩን ወሰደች። በ1937 ኖርማንዲ አስመለሰች። በ1938 ኩዊን ሜሪ መልሳ ነጠቀች። የሚያስቀው፣ ለአሸናፊ መርከብ የተዘጋጀውን ዋንጫ የኩዊን ሜሪ ባለቤቶች አንቀበልም አሉ። እኛ አንሽቀዳደምም ባዮች ናቸው!

ለመሆኑ ወጪውን ማን ቻለው? መንግሥት። ኩዊን ሜሪ ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ ላይ ስትሠራ በ1931 ገንዘብ አለቀና ሥራው ቆመ። አፅሟ ከሁለት ዓመት በላይ እንደተገተረ ቀረ፤ ሠራተኛውም ሥራ ፈታ። በ1934 መንግሥት ብድር ሰጠ። የኩዊን ሜሪ ባለቤት ኩናርድ ከተቀናቃኙ ከዋይት ስታር፣ ማለትም ከታይታኒክ ባለቤት ጋር መዋሐዱ ግን ግዴታ ሆነ። ኖርማንዲም የተሠራችው በፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ነው።

ከዚያ በፊት የመርከብ ኩባንያዎች ትልቁ እንጀራ ሦስተኛ ማዕረግ የሚሳፈረው ስደተኛ ነበር። አሜሪካ በ1924 ኮታ አውጥታ በሩን አጠበበችበት። እነዚህ ሁለቱ የተሠሩት ከዚያ በኋላ፣ ያውም ዓለም በኢኮኖሚ ቀውስ ሲናጥ ነው። ኖርማንዲን ሳልወዳት ቀርቼ አይደለም፤ በውበት የሚወዳደራት አላየሁም። የአንደኛ ማዕረግ መመገቢያ አዳራሿ ከቬርሳይ የመስታወት አዳራሽ ይረዝማል። ግን ብዙ ጊዜ ሳትሞላ ነበር የምትሄደው። ሀብታም ብቻውን ያን ሁሉ ወንበር ከየት ይሞላዋል?

በየካቲት 1942 ኒውዮርክ ላይ ወታደር ማመላለሻ ልትደረግ ስትታደስ፣ ከብየዳ የተፈናጠረ ፍንጣሪ የተከመሩ የሕይወት አድን ጃኬቶችን አቀጣጠለ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ ሆዷን ሞልቶ በጎኗ ገለበጣት። ኩዊን ሜሪ ግን ግራጫ ተቀብታ ጦርነቱን አለፈች። በሐምሌ 1943 በአንድ ጉዞ ከ16,000 በላይ ሰው ጭና አትላንቲክን ተሻገረች። በመጨረሻ ሞልታ ሄደች ማለት ነው፤ ትኬት የቆረጠ ግን አልነበረም።