ላልቆረጠ አበል የለም

እንደኛ ዛፍ ወዳድ ሕዝብ ከወዴት ይገኛል! ሐምሌ ሲገባ ቲሸርቱ ይታተማል፣ ኮፍያው ይታደላል፣ መኪናው ይደረደራል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ነግሮናል። እኔ ቆጣሪዎቹን ነው የማደንቀው። የኪሴን ብር እንኳ ሁለቴ ስቆጥር ሁለት ዓይነት መልስ ነው የሚመጣልኝ።

በቀደም ክረምት ከመሥሪያ ቤቴ ጋር ለተከላ ወጣሁ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ጠበቀን፤ እንግዳ እንዴት ይልፋ? አለቃችን የዋጋ ወረቀቱ ያልተላጠለት አዲስ አካፋ ይዘው ጎንበስ አሉ። ካሜራማኑ "አንዴ ቀና ይበሉልኝ ጋሼ" አለ። ቀና አሉ። "አሁን ይድገሙት።" ደገሙት። ችግኟ ከነላስቲኳ ሦስቴ ተተክላ ሁለቴ ተነቀለች። በሪፖርት ሦስት ችግኝ ማለት ነው።

ከተከላው ቦታ ማዶ የአንድ አዛውንት ይዞታ አለ። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዋንዛው፣ ብሳናው ተጠላልፎ ጉሬዛ ይዘልበታል። ባለሙያችን አይቶ ደነገጠ።

"አባቴ፣ ምነው ይሄን ሁሉ መሬት ጦሙን አሳደሩት?"

"ጦሙንስ አላደረም፣ ልጄ። ታች ሰፈሩ የሚጠጣው ምንጭ የሚፈልቀው ከሥሩ ነው። ልጆቼ ግን 'መንጥረን እንረሰው' እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ምን ልበላቸው? ምንጭ ጠበቅክ ብሎ የሚከፍለኝ የለ።"

ባለሙያው ሳቀ። እውነቱን ነው። ሰው ባልቆረጠው ዛፍ ይከፈለዋል እንዴ? ምን ሠራና? ባዶ ኮረብታ ቢሆን ፕሮጀክት ነው፣ ወርክሾፕ ነው፣ ለጋሽ ይጎበኘዋል። ጫካ ለማን ይሆናል?

ይሄ ያልገባቸው አሉ። ኮስታሪካዎች ለከብት ግጦሽ ብለው ደናቸውን ሲጨፈጭፉ ኖሩ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕግ አወጡና ነዳጅ ከሚቀዳው ሰው ግብር እየሰበሰቡ ደኑን ላልነካ ገበሬ ይከፍሉት ጀመር። ዛሬ ከአገራቸው ከግማሽ በላዩ ደን ነው። ግን ቲሸርት አላቸው? እንጃ።

እዚሁ ወላይታ ሁምቦ ውስጥስ? ገበሬዎቹ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከለሉ። ከብትና መጥረቢያ ሲርቀው አገር በቀሉ ዛፍ በአብዛኛው ከገዛ ጉቶው አቆጠቆጠ። ዓለም ባንክም ዛፎቹ ከአየር ስበው ላስቀሩት ካርቦን ሒሳቡን ለማኅበሮቻቸው ከፈለ። ውጤቱን አልክድም። ነገር ግን ጉቶ ብቻውን ሲያቆጠቁጥ ማን ጎንበስ ይላል? ማንስ ይቀረጻል?

ብር የለም እንዳትሉ ደግሞ። የዚያን ዕለት የነዳጁ፣ የድንኳኑ፣ የታሸገ ውሃውና የምሳው ወጪ ለብቻው ነው። ከሰዓት በኋላ የአበል መፈረሚያው መጣ፤ እኔም በደስታ ፈረምኩ። ከፊርማዬ በፊት የነበሩትን ስሞች ብዛት አይቼ ከተከልነው ችግኝ ሳይበልጥ አይቀርም ብዬ ጠረጠርኩ፤ ሐሜት ነው፣ ይቅር።

መኪና ልንሳፈር ስንል ባለሙያችን አንጀቱ አልችል ብሎት ወደ አዛውንቱ ዞረ።

"አይዞዎት፣ አባቴ። ልጆቹ ካስቸገሩዎት ይመንጥሩት። ሲራቆት እኛው መጥተን እንተክልልዎታለን።"

አዛውንቱ ጫካቸውን አዩ፣ እኛንም አዩ።

"እንዲያው ለተካዩ አበሉ ስንት ነው?"