«በነጻ ተማራችሁ» ለሚሉን

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት፣ ማለትም ከሚኒስቴር እጅ ወጥተው ራሳቸውን ማስተዳደራቸው፣ ተነሥቶ ነበር። አንዱ ተናጋሪ፣ ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው ፕሮግራም ከኪሱ ከፍሎ የሚማር ተማሪ መቀበል መጀመሩ የዘገየ እንጂ የተቻኮለ ውሳኔ አይደለም አሉ። ምክንያታቸው አንድ ብቻ ነው። በነጻ የተገኘ ነገር አይከበርም፤ የከፈለ ልጅ ክፍል አይቀርም፣ መጽሐፍ ይገልጣል፣ ጊዜውን አያባክንም። አወያዩ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

የከፈለ ይተጋል ከተባለ፣ መፈተኛው ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ በየትምህርት ዘርፉ ተመራቂ ሁሉ የሚፈተነው የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ አለፉ። በየሴሚስተሩ እየከፈሉ ከተማሩት የግል ተቋማት ተማሪዎች ያለፉት ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ክፍያ ትጋት የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በተገለበጠ ነበር። የግል ተቋማቱ የሚቀበሉት እኮ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣውን ነው የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን። እንግዲያው ልዩነቱን ያመጣው የተማሪው ዝግጅት፣ መምህሩና ቤተ ሙከራው ነው፤ የባንክ ደረሰኙ አይደለም። እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ያንገበገበኝ «በነጻ» የሚለው ቃል ነው። እንደዚህ በድፍረት፣ ያውም ስለ ከፍተኛ ትምህርት እናውቃለን ከሚሉ ሰዎች አፍ ሲወጣ፣ ሰሚው እውነት ነው ብሎ ይቀበለዋል። እዚህ አገር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ መማር ከቀረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የወጪ መጋራት ደንቡ ቁጥር 91/1995 ነው፤ በኋላ በደንብ ቁጥር 154/2000 ተተካ። ደንቡ የሚለው ግልጽ ነው፦ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸከማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ አሥር በመቶ እየተቆረጠ ይመልሳል። ይህ በዱቤ መማር ነው። ባለዕዳን ሰው «በነጻ በላህ» ብሎ መሳደብ በየትኛው ሰፈር ነው ነውር ያልሆነው?

የምግቡን ነገር እንኳ ብናየው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ወደ 22 ብር ከፍ አለ፤ ከዚያ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ወደ 100 ብር አደገ። ማደጉ ደግ ነው። በ22 ብር ሦስት ጊዜ የሚቀርብ ምግብ ምን እንደሚመስል የካፌ ተማሪ ይናገር፤ ሽሮው ውስጥ የሳህኑ ታች ይታይ ነበር። ዜናው ሲነገር ግን «መንግሥት ለተማሪዎች የሚያወጣውን ወጪ ጨመረ» ተብሎ ነው የተነገረው፤ ብዙዎችም አጨበጨቡ። ደንቡን ያነበበ ሰው ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ ያስላ። በቀን 100 ብር፣ በወር 3,000 ብር። የትምህርት ዓመቱን አሥር ወር ብንለው 30,000 ብር ነው። ለአራት ዓመት 120,000 ብር። የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ላይ የሚያርፍ ነውና ይህ ሁሉ በደንቡ መሠረት የልጁ ዕዳ ነው። አሁን ወደ ደመወዙ እንሂድ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ የመንግሥት ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። አሥር በመቶው 1,150 ብር ነው። የምግቡን ዕዳ ብቻ፣ መኝታውንና የትምህርቱን ድርሻ ሳንነካ፣ በዚህ ልክ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጃል። ልጁ ያንን ሽሮ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ሲከፍለው ይኖራል። ይህ ልጅ ነው እንግዲህ በነጻ ስለተማረ ትምህርት የማያከብረው!

እኔም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነኝ። ሬጅስትራሩ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር ተሰልፈን፣ አንድ እስክሪብቶ ለአምስት እየተቀባበልን፣ ቅጹን በግድግዳ ላይ ደግፈን ሞላነው። ስም፣ የአያት ስም፣ ወረዳ፣ የፎቶግራፍ ቦታ፤ የገንዘቡ ልክ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነበር። ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ። የቢሮው ሠራተኛ ቀና ሳይሉ «እሱ በኋላ ይሞላል፣ አንተ ፈርም» አሉኝ። ፈረምኩ። በዚያ ዕድሜ ግቢ የገባ ልጅ የማይፈርመው ወረቀት የለም።

ተመርቄ ሥራ ያዝኩ፤ ከደመወዜ ሲቆረጥ ቆየ። በየወሩ የደመወዝ መክፈያ ቅጹ ላይ «ወጪ መጋራት» የሚለውን ዓምድ ከፊርማዬ በፊት አየው ነበር። ከዓመታት በኋላ ዋናውን ዲግሪ ልወስድ ስሄድ ክሊራንስ፣ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ አምጣ ተባልኩ። ክሊራንሱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስደርስ አንዲት ትሑት ሴት መዝገቡን ገልጣ የአሥራ አንድ ወር ክፍያ አልገባም አለችኝ። ተቆርጦብኛል አልኩ። ከቀጣሪህ ደብዳቤ አምጣ። ቀጣሪዬ ገንዘቡን በወቅቱ ልኬያለሁ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው በቂ አይደለም፣ የባንክ ገቢ ማስረጃ ይያያዝ። ማስረጃው ከአሮጌ ሣጥን ፋይሎች ጋር ታስሮ መጋዘን ወርዷል፤ መጋዘኑን የሚያውቀው ሰው ጡረታ ወጥቷል። ከመስኮት መስኮት ስዞር ከረምኩና በመጨረሻ ምን አደረግሁ? የአሥራ አንዱን ወር ደግሜ ከፈልኩ። አንድ ሽሮ ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ።

ይህን የምናገረው እንባዬን ለማሳየት አይደለም። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የወጪ መጋራት ሐሳቡ፣ በወረቀት ላይ ሳየው፣ ከመጥፎዎቹ አይደለም። ዛሬ ባዶ ኪስ ያለው ልጅ ይማራል፣ ነገ ሲያገኝ ይከፍላል፣ የእሱ ክፍያ የሚቀጥለውን ያስተምራል። እንዲህ ያለው አሠራር በእግሩ እንዲቆም ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፦ መዝገብ። ማን ተማረ፣ ስንት አለበት፣ አሁን የት ይሠራል፣ ስንት መለሰ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ መዝገብ በዩኒቨርሲቲው፣ በገቢ ሰብሳቢውና በቀጣሪው መካከል ተበታትኖ ኖረ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚከፍለው ደመወዙ በመንግሥት እጅ ያለ ሰው ነው፤ መምሪያ ውስጥ የተቀመጠው ባለሙያ፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ። አብሮኝ ከተመረቀው አንዱ ንግድ ገባ፤ ከትርፉ አሥር በመቶ የሚቆርጥለት የለም። ሌላው አገር ለቆ ወጣ፤ እሱንስ ማን አግኝቶት? ሥራ ያጣው ደግሞ የባሰበት ነው። ዋናውን ዲግሪና ትራንስክሪፕቱን ለማውጣት ዕዳውን መጨረስ አለበት፤ ዕዳውን ለመጨረስ ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሥራውን ለማግኘት ደግሞ ብዙ ቀጣሪ ዋናውን አምጣ ይለዋል። ይህን ቋጠሮ ያሰረው ሰው እንዲፈታው ቢጠየቅ የሚችል አይመስለኝም።

እንግዲህ የሰጠውን ዱቤ መሰብሰብ ያቃተው አካል ምን ማድረግ ነበረበት? መዝገቡን ማስተካከል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ፣ ብሔራዊ መታወቂያ ተብሎ ፋይዳ መጥቷል፣ ባንኮች ከስልክ ጋር ተሳስረዋል። ሐሙስ ገበያ የወጣች ገበሬ እንኳ በስልኳ ገንዘብ በምትቀበልበት ዘመን የምሩቃንን ዕዳ በአንድ ቋት ማስገባት ሰማይ የመቧጠጥ ያህል አይከብድም። የተመረጠው ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ዱቤው ካልተሰበሰበ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ይምጣ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል አባቶች። ያልከፈለው ምሩቅ ተዘልሎ ተቀምጦ፣ ገና ያልተማረው ልጅ በሩ ላይ ደረሰኝ ይጠየቃል።

ራስ ገዝነቱን በጅምላ አልቃወምም። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሲሆን ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ፕሬዚዳንቱን ከሚኒስቴር ቢሮ የማይጠብቅ፣ መምህሩን ራሱ የሚቀጥር፣ የራሱን ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ዩኒቨርሲቲ ማየት የማይፈልግ ማን ነው? ነገር ግን ነጻነት የተባለው ነገር ገና በጠዋቱ ምን ፍሬ አፈራ ቢሉ፣ የትምህርት ወንበሩን በመንግሥት ወጪና በግል ወጪ ብሎ ለሁለት መክፈል ነው። ሌሎቹ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚሁ መንገድ እንዲሄዱ ታቅዷል። የምርምር ገንዘብ ማምጣት፣ ሕንፃና መሬቱን ማሠራት፣ ለመሥሪያ ቤቶች ማማከር፣ የቀድሞ ምሩቃንን መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ ላብ ይፈልጋል። ከወላጅ ኪስ መቀበል ግን አንድ የባንክ ሒሳብ ቁጥር መለጠፍ ብቻ ይበቃዋል።

የተማሪው ቁጥር በዝቶ መንግሥት አልቻለም የሚለው ደግሞ ዘመኑ ያለፈበት መከራከሪያ ነው። በፊት በዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ተማሪ ይመደብ ነበር፤ ያኔ ቢባል ያስማማል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከጠበቀ ወዲህ፣ መጥበቁም ትክክል ነበር፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት። የ2017ቱን በቁጥር ካየነው ከሃምሳ ሺህ አይሞሉም። እነዚህን ልጆች ከአርባ በላይ ለሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አካፍሏቸው። ይህን ያህል አገር፣ በወንፊት ተነፍተው የተረፉትን እነዚህን ማስተማር ካቃተው ማንን ሊያስተምር ነው?

የነፋው ወንፊት ራሱ ደግሞ ሁሉን እኩል አልነፋም። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! እነዚህ ትምህርት ቤቶች የት እንዳሉ መናገር አያስፈልግም፤ ቤተ መጻሕፍታቸው ቁልፍ ነው፣ የፊዚክስ መምህራቸው ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጥሩ የግል ትምህርት ቤት መክፈል የቻለ ወላጅ ልጅ የመጀመሪያውን በር አልፏል። አሁን ሁለተኛው በር ላይም የመክፈያ ሣጥን ተቀመጠለት። ይህን ውሳኔ የሚደግፉት ሰዎች፣ ለድሃ የመንግሥቱ ወንበር አለ ይሉናል። ዛሬ አለ። የሚያስገባው ገንዘብ የጣመው ተቋም በየዓመቱ የትኛውን ወንበር እንደሚያበዛና የትኛውን እንደሚቀንስ ለመገመት ነቢይ መሆን አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ፣ ማሳቅ ከሆነ፣ ይህን ምክር የሚለግሱን ሰዎች ዕድሜ ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ የነበሩት ተናጋሪ ፀጉራቸው ሸብቷል። ከ1996 ዓ.ም. በፊት በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው አልጋ ተሰጥቶት፣ ምግብ ቀርቦለት፣ አንዲት የዕዳ ወረቀት ሳይፈርም ተመርቋል። በነጻ የተማረ ትውልድ ካለ እሱ ነው። በነጻ የተገኘ አይከበርም ከተባለ ደግሞ በመጀመሪያ የማይከበረው የእሳቸው ዲግሪ ነው። ከእሳቸው የሚቀድሙት፣ በንጉሡ ዘመን የተማሩት፣ ቢያንስ አንድ ነገር ከፍለዋል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ሙሉ ክፍለ ሀገር ወርደው፣ አብዛኞቹ የገጠር ልጅ አስተምረዋል። ማንም ደረሰኝ አልጠየቃቸውም፤ የተበደሩትን በጠመኔ መለሱ። አሁን ፊዚክስ መምህር ለሌላቸው ለእነዚያ 1,300 ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ብድር መላሽ ቢላክ ምን ነበረበት? ደንቡ ራሱ መምህር የሚሆኑ ምሩቃን በአገልግሎት እንዲከፍሉ ይፈቅዳል። መንገዱ ተጠርጎ ተቀምጧል፤ የሚሄድበት ጠፋ እንጂ።

ዘንድሮ በመንግሥት ወጪ ግቢ የገባው የእኅቴ ልጅ በቀደም ሊፈርም የተሰጠውን ቅጽ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ልፈርም?» ይላል ከሥሩ የጻፈው። አተለቅሁና አየሁት። ስም፣ የአያት ስም፣ ወረዳ። የገንዘቡ ልክ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው።