ለአባ ጥምጥም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ከቡና ማድረቂያው ጀርባ፣ በሙቀት መለኪያው ገመድ መሀል፣ ጥቁር ናስትሮ ለብሰው ለሚኖሩት ለተከበሩ የሽቦ ጥምጥም

ጤና ይስጥልኝ! ክረምቱን እንዴት አለፉት? የጅማ ዝናብ ናስትሮዎን አላልቶ፣ ከውስጥ አረንጓዴ ዝገት ብቅ ማለቱን ስላየን ነው መጠየቃችን። አገሩ የአባ ጂፋር ነውና እኛም የፈረስ ስም አውጥተን «አባ ጥምጥም» ብለንዎታል። ፈረስ ባይኖርዎትም ስንቶቻችንን ጋልበውናል።

የትውልድ ታሪክዎ አጭር ነው። ገመድ አጠረ። አንዱ ከሂርማታ ገበያ ባለሁለት የአምፖል ገመድ ገዝቶ መጣ። በጥርሱ ላጠው፣ ጠመዘዘው፣ ናስትሮ አለበሰውና «ለጊዜው ነው» አለ። በአገራችን «ለጊዜው» የተባለ ነገር ሥራ ሲለቅ አይቼ አላውቅም።

ክቡርነትዎ፣ መለኪያው ፒቲ 100 የሚባል፣ ሙቀትን በኤሌክትሪክ ተቃውሞ (በኦም) የሚናገር ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ 100 ኦም ያሳያል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 0.385 ኦም ገደማ ይጨምራል። ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ ይህን ኦም አይቶ ነው ስለ ዲግሪ የሚያወራው። ኦሙ ከቡናው ይምጣ ከመንገዱ ሽቦ፣ ለእሱ ያው ነው። ባለ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 30 ሜትር ሄዶ ሲመለስ ብቻውን ከ2 ኦም ያልፋል። ከ5 ዲግሪ በላይ ውሸት ማለት ነው።

ለዚህ ብለው ነው መለኪያውን ባለሦስት ሽቦ ያደረጉት፤ ሁለት ቀይ፣ አንድ ነጭ። ሦስተኛዋ ሽቦ የመንገዱን ኦም ኦሙን ለሚያነበው የፒኤልሲ ክፍል፣ ለሞጁሉ፣ ታሳብቃለች፤ ሞጁሉም ይቀንሰዋል። እርስዎ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሁለቱ ቀዮች አንድ ላይ ተጠመዘዙ። ፓኔሉ ውስጥ ደግሞ ሞጁሉ «ሦስተኛዋስ የት አለች?» ብሎ እንዳይጮህ፣ በቁራጭ ሽቦ ሁለቱን የቀይ ሽቦ ማሰሪያዎች አገናኝተው አፉን አስያዙት። ምስኪኑ ሞጁል አሁን መንገዱን ሲጠይቅ «ሁለት ሴንቲ ናት» ይባላል። ያምናል።

ማለዳ፣ ማሽኑ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ሽቦውን ከሞጁሉ ነቅለን ለካን። 20 ዲግሪ ላይ 107.8 ኦም ማለት የነበረበት ቴስተር 110.5 አለ። ስለዚህ ስክሪኑ 40 ሲል ማድረቂያው ውስጥ ያለው 33 ነው። ፒኤልሲው ታዛዥ ነውና ማቃጠያውን ያጠፋል። ቡናው እርጥቡን ይወጣል።

ያን ጊዜ ጥፋተኛ ፍለጋ ይጀመራል። ኦፕሬተሩ ተሰደበ። ማቃጠያው ተፈታ። መብራት ኃይል እንኳ ስሙ ተነሣ፤ እሱስ ለምዶታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! በመጨረሻ አንድ ባለሙያ መጥቶ ፕሮግራሙ ላይ 7 ዲግሪ ቀነሰና ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እርስዎ ዝናብ ሲዘንብ አንድ፣ ፀሐይ ሲወጣ ሌላ እንደሚሉ ማን ይንገረው?

ሐቀኛ የሆኑት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ንዝረቱ ጭራሽ የለያየዎት ቀን። ስክሪኑ 3276.7 ዲግሪ አለ። ብረት የሚቀልጠው 1538 ላይ ነው። በቁጥሩ መሠረት ማድረቂያው ፈሷል፣ ቡናው ተንኗል፤ እኛ ግን አጠገቡ ቆመን ሻይ እንጠጣለን። አንዳንድ ሞጁል ሽቦ ሲበጠስ የመጨረሻ ቁጥሩን፣ 32767ን፣ ይሰጣል፤ ነጥብ ሲገባበት ይህንኑ ይሆናል። ቢያንስ ያን ቀን ማንም አላመነዎትም።

ስለዚህ ስንብትዎ ተወስኗል። ከሌላ ገመድ የሚመጣ ረብሻን የሚያግድ መከለያ ያለው ባለሦስት ኮር (ሽቦ) ገመድ ታዝዟል። ከመለኪያው ራስ እስከ ሞጁሉ አንድ ወጥ ሆኖ ይገባል። ከሞተሩ ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አይሄድም፤ መከለያውም በፓኔሉ በኩል ብቻ ኧርዝ ይደረጋል። ያቺ የሁለት ሴንቲ ሽቦም አብራዎት ትሸኛለች።

ሥራ እንዳይፈቱ አስበንልዎታል። የዘበኛው ቤት የአምፖል ገመድ አጥሯል ሲባል ሰምተናል። ያመልክቱ። አምፖል ለ2 ኦም ቅር አይለውም።

ከአክብሮት ጋር
ጥገና ክፍል

ግልባጭ፦
ለሁለቱ ቀይ ሽቦዎች (ለየብቻ)
በከንቱ ለተሰደበው ኦፕሬተር
ለዘበኛው ቤት አምፖል